የኔታን ያስተኛቸው ኪኒን

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

የጠዋቱን ኪኒን ዋጥኩ። በውሃ። ሳልሰብር፣ ሳላኝክ። አሁን መጠበቅ ነው። ቶሎ አይደርስም። ዝግ ብሎ ይመጣል፣ ዝግ ብሎ ይቆያል፣ የማታው እስኪተካው ድረስ። እስኪመጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አንቺ ላይ እጽፋለሁ፣ ደብተሬ። ካንቺ ሌላ ሳያቋርጥ የሚሰማኝ የለም።

ዳሌዬ ውስጥ ሰው ምስማር የሚመታ ይመስለኛል። ከጡቴ ተነስቶ አጥንቴ የገባ ካንሰር ነው። ጠዋት ጠዋት ይብሳል።

ዛሬ ደግሞ ጎረቤታችን መጥታ ከባሌ ከእንየው ጋር በር ላይ ስታወራ ሰማሁ። ሞርፊን እንደምወስድ ሰምታለች። ሱስ አይሆንባትም ወይ አለችው። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔም እሱን ነው የምፈራው አላት። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ነኝ። የታመመው ዳሌዬ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።

ተናደድኩ። ስኳር ያለበት ሰው በየቀኑ መርፌ ቢወጋ ሱሰኛ የሚለው የለም። እኔ ኪኒኔን ውጬ የስፌት መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ግን አገር ይጨነቃል። መድኃኒቱን ሳልጀምር፣ ትራስ ነክሼ ሳድር የት ነበሩ? ያኔ ጎበዝ ናት፣ ቻይ ናት ይሉኝ ነበር። ስሰቃይ ያመሰግኑኛል፣ ሲሻለኝ ይጠረጥሩኛል።

ደግሞ እኔ እንደ ዘበት አልወስደውም። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የምትከታተለኝ ነርስ ሲ/ር ሙሉነሽ መጀመሪያ ስትሰጠኝ ደጋግማ ነው ያስጠናችኝ። ሙሉውን ዋጪ። ከሰበርሽው፣ ካደቀቅሽው ወይ ካኘክሽው፣ ቀኑን ሙሉ ሊያገለግል የተቀመጠው ጉልበት ባንድ ጊዜ ይለቀቅብሻል። ጠላም አረቄም አታስከትዪበት። ለማንም አትስጪ። በራስሽ ፈቃድ አትጨምሪ፣ ባንድ ጊዜም አታቋርጪ። እንቅልፉ ከበዛ፣ ትንፋሽ ከዘገየ፣ ቀስቅሰው ካልነቃሽ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይዘውሽ ይምጡ። የሆድ ድርቀቱንም መድኃኒት እንዳትረሺ። እሱን እንኳ እኔ ብረሳው ሆዴ ያስታውሰኛል።

መጣ። ምስማሩ ራቀ። ወደ መኪናዬ ልሂድ። የሚካኤል ንግሥ ደርሷል፣ የሰው ጨርቅ ተከምሮብኛል።


ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

የኔታ ላቀው መጡ፣ ቀሚሳቸውን ላሳጥርላቸው።

የሚካኤል የዜማ መምህር ናቸው። ከዚህ ሰፈር ቤ/ክ ገብቶ የዘመረ ወንድ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው ያለፈው። እንየውም። ድቁናውን ትቶ በርበሬ ገበሬ ከሆነ ስንት ዘመኑ፤ ዛሬም የኔታን ሲያይ እንደ ተማሪ ጎንበስ ይላል። መቀመጫ ለማቅረብ ከእኔ ቀድሞ ሮጠ። ግቢው ሙሉ የተሰጣውን በርበሬ ረግጦት አለፈ፤ ሌላ ሰው ቢረግጠው ጉድ ይፈላ ነበር።

ሲቀመጡ ጉልበታቸው ተንቋቋ። ሁለቱም አብጠዋል፣ በቀሚሱ ላይ ያስታውቃል። አምና ማኅሌቱ ሳያልቅ ተቀመጡ አሉ። ነጠላቸውን ተከናንበው እንዳለቀሱ ዛሬ ነገሩን፣ እንደ ቀልድ አድርገው። ዘንድሮስ ጭራሽ አልሞክረውም፣ ልጆቹ ይቁሙ፣ እኔ ከግድግዳ ተደግፌ እሰማለሁ አሉ። እንየው መሬት መሬቱን አየ።

ሐኪም አይቶዎታል ወይ አልኳቸው። ሳቁ። ጉልበት ያረጃል እንጂ ይታመማል ወይ አሉኝ። ከዚያ ያንቺስ መድኃኒት እንዴት ነው አሉ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ያለ እሱ ይህን ቀሚስ ማሳጠር ቀርቶ መርፌ ላይ ክር አላስገባም ነበር። አመስግኚ አሉኝ። መረቁኝ። እንየው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ይሄን ሁሉ ይሰማል።

የቀሚሱ ጠርዝ ከመጎተት ብዛት አልቋል። ቆርጬ በአዲስ ጨርቅ ቀመቀምኩት። ሲያምር።


ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ከቅዳሴ መልስ

ቶሎ ቶሎ ልጻፍ። ደስ ብሎኛል።

የኔታ ቆመው አደሩ። አልጋዬ ላይ ሆኜ በድምፅ ማጉያው ሰማኋቸው፣ ድምፃቸው ከሁሉም ላይ ወጥቶ፣ እንደ ድሮው። ጠዋት ቤ/ክ ስደርስ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሳቸው ነው። ታቦቱ ሲወጣም ከፊት ነበሩ። ሚካኤል ጉልበታቸውን ዳሰሰላቸው ይላል ሕዝቡ። እኔም አሜን አልኩ። እንባዬ መጣ። በዚህ ዓመት ለሰው ደስ ብሎኝ ያለቀስኩት ዛሬ ብቻ ይመስለኛል።

ግብዣው ከቤ/ክ አጥር ወዲህ ድንኳን ውስጥ ነው። እንየው እየጠራኝ ነው። ፊቱ በርቷል፣ ሙሽራ መስሏል። የማታ ኪኒኔን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ልሂድ፣ ከቆየን።


ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ፍ/ሰላም፣ የሆ/ሉ አግዳሚ ወንበር ላይ

ተናድጃለሁ። በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ካልሆነ ይምታታብኛል።

ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን እንየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው። የኔታ የቆሙት በአንቺ መድኃኒት ነው አለኝ። ሐሙስ ማታ ማኅሌቱ ሳይጀመር አንድ ኪኒን ሰጥቷቸዋል። ይኮራል ደግሞ።

ከመደርደሪያዬ ላይ አንስቶ። ሳይጠይቀኝ። አፌን ከፍቼ ልሰድበው ስል ሌላ ነገር ቀደመኝ። አሁን የት ናቸው አልኩት። ቤታቸው ተኝተዋል አለ። ከቅዳሴ በኋላ ጉልበታቸው መልሶ ስለያዛቸው ሁለት ጨምሮላቸዋል። ጉሮሯቸው ላይ ቢቆምባቸው አኘኩት፤ ጠላ አስከተሉበት።

ሁለት። አኝከው። በጠላ። የትናንቱም ገና ከሰውነታቸው ሳይወጣ። መድኃኒቱን በሕይወታቸው ቀምሰው የማያውቁ ሽማግሌ።

ብድግ አልኩ። ዳሌዬ ጮኸ፣ ተውኩት።

የኔታ ቤት በር ላይ ታላቅ እህታቸው እማሆይ ተዋበች ተቀምጠዋል፤ መነኩሲት ናቸው፣ ቤቱን የሚይዙላቸው። እንቅልፋቸውን እንዳይረብሹ ተማሪዎቹን አባረው ጸጥታ ያስጠብቃሉ።

«ቆሞ አድሮ ደክሞት ነው» አሉኝ። «አትንኪው፣ ልጄ።»

አልፌያቸው ገባሁ። በጀርባቸው ተጋድመዋል። ያንኮራፋሉ፣ ግን የጤና ማንኮራፋት አይደለም፣ ውሃ የገባበት ጉሮሮ ነው። አንዴ ይተነፍሳሉ። ከዚያ ዝም። አሁንም ዝም። ቀረ ስል ሌላ ትንፋሽ ይመጣል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጠራኋቸው፣ ነቀነቅኋቸው፣ ደረታቸውን በጣቴ አንጓ ፈተግሁ። ምንም። የዓይናቸውን ቆብ ገለጥኩ። መካከሉ ያለው ጥቁር የጤፍ ቅንጣት አክሏል።

«እማሆይ፣ ይሄ እንቅልፍ አይደለም» አልኩ። «ትንፋሻቸውን ይስሙት።»

ሰሙ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ጸበል ይላል፣ አንዱ ሎሚ፣ አንዱ ወፍራም ቡና እናጠጣቸው ይላል። ያልነቃ ሰው አፍ ውስጥ ቡና ሊያፈሱ። ኪኒን ነው፣ የእኔ ኪኒን ነው፣ የሰጣቸውም ባሌ ነው፣ አፋቸው ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ፣ ባጃጅ ጥሩ አልኩ። ባሌን በንግሥ ቀን በሕዝብ ፊት አዋረድኩት። ይዋረድ።

በጎናቸው አድርገን ጫንናቸው፤ እማሆይም አብረውን ገቡ። እስከ ቡሬ ድረስ አገጫቸውን ቀና አድርጌ ይዤ ሄድኩ። ትንፋሹ ሲዘገይ ጆሯቸው ላይ እጮሃለሁ፣ የኔታ ይተንፍሱ እላለሁ። ይተነፍሳሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያዙ የኖሩ ሰው ለእኔ ታዘዙ። ባጃጁ እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የእኔም አጥንት ይገባል። እንየው ከሾፌሩ ጎን ተሸጉጦ ያለቅሳል። አላዘንኩለትም።

ቡሬ ጤና ጣቢያ ፊኛ በሚመስል ነገር አየር ይሰጧቸው ጀመር፣ አምቡላንስም ተገኘ። መንገዱ ክፍት ነበር። ጸጥታ ሲደፈርስ ይዘጋል፤ ያ ቀን ዝግ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው።

እዚህ ስንደርስ ተረኛው ዶ/ር፣ ልጅ እግር ነው፣ ምን እንደወሰዱ ጠየቀ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ኪኒን አሳየሁት። ስንት እንደሆነ፣ መቼ መቼ፣ መታኘኩን፣ ጠላውን ነገርኩት። የሞርፊኑን ሥራ የሚሰብር መርፌ ወጋቸው። እንዲህ ያለ መርፌ መኖሩን አላውቅም ነበር። ብዙም ሳይቆይ የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። እማሆይ እልል አሉ። እንየው ሲሚንቶውን ተደፍቶ ሳመ። በአይሱዙ ተጭኖ የተከተለን ሕዝብ ከውጭ እልልታውን ተቀበለ።

ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው፣ ደብተሬ? ነቅተዋልና እንውሰዳቸው። በሚካኤል ዕለት ሆ/ል አያድሩም። ዶ/ሩ እምቢ አለ። የመርፌው ጉልበት አጭር ነው፣ የኪኒኑ ረጅም፤ መርፌው ሲያልቅ ኪኒኑ ገና ሥራ ላይ ነው አላቸው። አንድ ጎልማሳ፣ አንተ ልጅ ነህ፣ እኛ የኔታን እናውቃቸዋለን አለው። ዶ/ሩ አልተቆጣም፣ ከአልጋውም አልተነቃነቀም። እነሱ እየተከራከሩ የኔታ መልሰው ሰመጡ። ያው ማንኮራፋት። ያው ከንፈር። ያ ጎልማሳ ቆቡን አውልቆ ወጣ። እንደገና ተወጉ፣ ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ ሲጠበቁ አደሩ።

ዛሬ ጠዋት ተናገሩ። ውሃ ስጡኝ አሉ።

እኔ? የማታ ኪኒኔን ትናንት ኮሪደሩ ላይ ዋጥኩ። ሰው ያየኛል። እባብ የዋጥኩ ነው የሚመስለው አስተያየቱ። የኔታን ጭንቅላታቸውን ይዤ ያመጣሁት እኔ መሆኔን ማንም ያስታወሰ የለም።


ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጾም ገባ። የኔታ ትናንት ቤታቸው ገቡ። እኛ ቅዳሜውኑ ገብተን ነበር፣ ኪኒኔ ቤት ስለነበር።

መድኃኒቴ ግን የለም።

እንየው ሽንት ቤት ጨመረው። ሁሉንም። የሚዋጠውን፣ ሕመሙ በመሀል ሲነሳ የምጠጣውን ጠርሙስ፣ ካርቶኑን ሳይቀር። የጠዋቱን ውጬ ጥቂት ሳሸልብ ነው። ስነቃ መደርደሪያው ባዶ ነው። ፈለግሁ፣ ጠራሁት፣ መጣ፣ ነገረኝ።

ሰው ይገድላል አለ። ሊገድል የነበረው ኪኒኑ ነው ወይስ ሰጪው አልኩት። ሄዶ በርበሬው መሀል ቁጭ አለ፣ የደረቀውን ያገላብጣል። በየጊዜው ያስነጥሰዋል።

አሁን ይሄ ምን ይባላል? ሲሰጥ አልጠየቀኝም። ሲጥል አልጠየቀኝም። ሁለቱንም ጊዜ ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ያጠፋው እሱ፣ የተጸጸተው እሱ፣ የሚቀጣው የእኔ አጥንት።

ከሰዓት በኋላ

አንዲት ደንበኛዬ ለልጇ ልብስ የሰጠችኝን ጨርቅ ልትወስድ መጣች። ገና አልተቆረጠም። ግድ የለም አለች፣ ሌላ ቦታ አሰፋዋለሁ። ዓይኔን አታይም። ሰፈሩ ምን ይላል አልኳት። ተግደርድራ ተግደርድራ ነገረችኝ። የኔታን ያበላቻቸው እሷ ናት ይባላል። የምትወስደው ሐሺሽ ነው፣ ባሏንም አስለምዳዋለች ይባላል። እንየው በወሬው ውስጥ ምስኪን ሆኗል። ጨርቋን አጣጥፌ ሰጠኋት። አጣጥፌ መስጠቴ ቆጨኝ፤ ጠቅልዬ መወርወር ነበረብኝ።

ማታ የሚዋጥ ነገር የለም። ፍ/ሰላም እንዳልሄድ መሽቷል። ስልኩም ኔትወርክ የለውም።


ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

አዛጋለሁ፣ መንጋጋዬ እስኪላቀቅ። አፍንጫዬ ይፈሳል። ያልበኛል፣ ይበርደኛል፣ የክንዴ ፀጉር ይቆማል። ስንት ወር የደረቀ ሆዴ ዛሬ ውሃ ሆኗል። እግሬን አንድ ቦታ ማሳረፍ አልችልም። ዳሌዬን አልጽፈውም።

እንየው አየኝና ይኸው፣ ሱስ ሆኖብሽ ነበር አለ። በቁጣ ቢለው ይሻለኝ ነበር። በሐዘን ነው ያለው። ብርጭቆ ወረወርኩ። አልመታሁትም።

ኔትወርኩ ሲመጣ ሲ/ር ሙሉነሽ ጋ ደወልኩ። እየተቆራረጠ ነገርኳት። የመጨረሻውን መቼ እንደወሰድኩ ጠየቀችኝ። ሰውነትሽ የለመደው መድኃኒት ባንድ ጊዜ ሲነጠቅ እንዲህ ይጮሃል አለች። ይሄ ማንም ሰው ላይ የሚመጣ ነው። ሱስ ሌላ ነው። ሱስ ሰው እየጎዳው መተው ሲያቅተው ነው፣ ኑሮውን ጥሎ እሱን ሲያሳድድ ነው። አንቺ የምታሳድጂው ምንድን ነው አለችኝ። የሰው ልብስ አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እኔ አለቀስኩ።

ነገ ኑ አለች። እንየው የግድ ይምጣ። እስከዚያ ከማንም ኪኒን እንዳትቀበዪ፣ ብታገኚም በቀድሞው ልክ እንዳትጀምሪ አለችኝ። ውሃ ጠጪ።

እንየው ጸበል አመጣልኝ። ጠጣሁ። እኔ ከጸበል ጋር ጠብ የለኝም። ጸበሉም መድኃኒትሽን ጣይ ብሎኝ አያውቅም። የጣለው እንየው ነው።


ኅዳር 17፣ ረቡዕ፣ ማታ

በሚኒባስ ሄድን። ስለ መንገዱ መጻፍ አልፈልግም።

የመድኃኒት መስኮቱ ላይ ያለችው ቀንሽ አልደረሰም አለችኝ። በቁጥጥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ የወሰድሽው የት ደረሰ አለች። ሽንት ቤት አልኩ፣ ሰልፉ በሙሉ እስኪዞር። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሥራዋ ነው፤ እንዲህ ባይጠይቁ በየሰፈሩ እንደ ከረሜላ ይዞር ነበር። ይሄን አሁን ተረጋግቼ ነው የምጽፈው። ያን ሰዓት ግን መስኮቱን ልሰብረው ምንም አልቀረኝ።

ሲ/ር ሙሉነሽ እጄን ይዛ አስገባችኝ። የምታክመኝ ሐኪም አየችኝ። የተቋረጠን መድኃኒት እንደነበረው መመለስ አደጋ አለው፣ ሰውነት ልማዱን ቶሎ ይረሳል አለች። የሚጠጣውን በጥቂት በጥቂቱ እየሰጡ፣ ትንፋሼን እያዩ ዋልኩ። ቀስ በቀስ ማዛጋቱ ቆመ። ከዚያ ዳሌዬ። ከዚያ የሰው ድምፅ ማናደዱን ቀነሰ።

ያኔ ሲ/ር ወደ እንየው ዞረች።

«ክፉ አስቤ አይደለም» አላት ገና ሳትጠይቀው። «የኔታን እወዳቸዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ግን ያ ኪኒን የተለካው ለእርሷ ነው፣ በጥቂቱ ተጀምሮ፣ እየታየ እየተጨመረ። ለእሳቸው ማንም አልለካላቸውም። ለጉልበት ሕመም ደግሞ ሌላ መድኃኒት አለ።»

ጎንበስ አለ። የኔታ ፊት የሚያደርገው ጎንበስ ነው።

ደስ ሊለኝ ሲል ወደ እኔ መጣች። የት ነበር የምታስቀምጪው አለችኝ። መደርደሪያ ላይ አልኩ። ከምን ጋር? ከጨውና ከሽሮው ጋር። ቁልፍ ያለው ነገር ውስጥ ይሁን፣ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ አይየው አለች። የተረፈና የማይፈለግ ሲኖር ወደ እኛ መልሱት እንጂ ጉድጓድ አትጨምሩት። በእሷም ተናደድኩ። ልክ ስለሆነች ነው።

ኪኒኑን ከቀድሞው ቀንሰው፣ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ብቻ ሰጡኝ። እያየን እንጨምራለን አሉ።

ከመሳፈራችን በፊት እንየው ገበያ ገብቶ ቁልፍ ያለው የቆርቆሮ ሳጥን ገዛ። መድኃኒቱን ከተተ፣ ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ አደረገ። እኔ እይዝልሻለሁ አለኝ።

እጄን ዘረጋሁ።

ኪሱን ነካ፣ እጄን አየ፣ ሰው አየ። እጄን አላጠፍኩም። አውጥቶ ሰጠኝ።


ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ልጄ ከፈረስ ቤት ደወለች። አስተማሪ ናት እዚያ። እማዬ፣ አንድ ቄስ መድኃኒት ጠጥተው ሞቱ የሚባለው እናንተ ሰፈር ነው ወይ አለችኝ።

ሞቱ። ፈረስ ቤት ሲደርስ የኔታ ሞተዋል። እኛ ለአንድ ኪኒን መንገድ ተከፈተ አልተከፈተ እያልን እንቀመጣለን፣ ወሬው ደጋ ዳሞት ድረስ ወጥቷል።

አልሞቱም፣ ሽንብራ ቆሎ እየበሉ ነው አልኳት። መድኃኒቱስ የማን ነው አለች። የእኔ አልኳት። መድኃኒቱን ተይው በቃ፣ እማዬ አለች። የእኔ ልጅ፣ የተማረችው። ስልኩን ዘጋሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሼ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ መታኘኩን፣ ጠላውን፣ መርፌውን፣ ሽንት ቤቱን። ከዚያ ሕመምሽ አሁን እንዴት ነው አለችኝ። ከሳምንት ወዲህ ይሄን የጠየቀኝ ሰው እሷና ሲ/ር ብቻ ናቸው።


ኅዳር 19፣ ዓርብ

የኔታ በበቅሎ መጡ። ከስተዋል። እንየው እንደ ልማዱ ወንበር ይዞ ሮጠ፣ ቀና ብሎ ግን አላያቸውም።

«የበላሁት እኔ፣ የተቀጣሽው አንቺ» አሉኝ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

የኔታ፣ እኔን። ሲሰጣቸው የማን መሆኑን ያውቁ ነበር። ለእሷ አይጎድልባትም ወይ ብዬ አለመጠየቄ ነው የሚያሳፍረኝ አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ነገሩን ሁለት ፊት ሰጡት፤ ያ ኪኒን እግሬን አቁሞ ነፍሴን ሊያስቀምጥ ነበር አሉ። እንየው ሊስቅ ጀምሮ ለቅሶ ሆነበት። ተዉት፣ ያልቅስ አሉ።

የሰፈሩን ወሬ ሰምተዋል። እሑድ በሰንበቴው ላይ እናገራለሁ፣ ስምሽን አነጻዋለሁ አሉኝ።

ማመስገን ነበረብኝ። አመሰገንኩ። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም፣ በየኔታ ላይ እንዳልሆነም ያን ጊዜ ገባኝ።

«ጉልበትዎን ገልጦ ያየው ማን ነው፣ የኔታ?» አልኳቸው።

አሰቡ። ማንም አሉ።

ደብሩ ሁሉ ድምፃቸውን ይወዳል። ቆመው እንዲያድሩለት ይፈልጋል። ድንኳን የሚተክል ሞልቷል፣ በሬ የሚጥል ሞልቷል፣ ተአምር ነው ብሎ እልል የሚል ሞልቷል። ሐኪም ጋ የሚወስዳቸው ጠፋ። እንየው እንኳ የሚወዳቸውን ያህል ከሚስቱ ሰርቆ ሰጣቸው እንጂ ባጃጅ አልጠራላቸውም። ይሄን ሁሉ ተናገርኩት። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ በቅሎዋ ጆሮዋን ቀሰረች።

የኔታ፣ ማኅሌቱን ተቀምጠው ቢመሩስ ማን ይከለክልዎታል አልኳቸው። ማንም አልከለከለኝም አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ገና አሁን ያወቁት ይመስል።

ሰኞ እንየው ለጉልበታቸው ሐኪም ጋ ይወስዳቸዋል። አዘዝኩ። ሁለቱም እሺ አሉ።


ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ጠዋት

ሕመሙ ገና እንደ ቀድሞው አልበረደም። መጠኑ አንሷል፣ ሰኞ ሲ/ር ታየኛለች። መቀመጥ ግን እችላለሁ።

እንየው ዛሬ ቅሪ አለኝ። የኔታ ይናገሩልሻል፣ የእሳቸው ቃል ይበቃል፣ አንቺ ሰው ፊት ወጥተሽ ምን ትሆኛለሽ አለ። ለእኔ ብሎ ነው። አውቃለሁ።

አሰብኩበት። የኔታ ቢናገሩ ሕዝቡ የሚሰማው የኔታን ነው። ይቅር ይለኛል። እኔ ደግሞ ይቅርታ የሚያስፈልገኝ አይደለሁም። ከዚያ ሁሉም ቤቱ ይገባል፤ አንዷ መድኃኒቱን ፈርታ ትራስ ነክሳ ታድራለች፣ አንዱ ደግሞ ለታመመ ጎረቤቱ አዝኖ ከሚስቱ ኪኒን ያካፍላል። የኔታ የሚያውቁት መተኛታቸውን ነው። ከመተኛታቸው በፊትና በኋላ የሆነውን የማውቀው እኔ ነኝ።

እናገራለሁ። ወስኛለሁ።

ለእንየው ነገርኩት። የሰጠኋቸውም የጣልኩትም እኔ መሆኔን እኔው ልናገረው፣ ካንቺ በፊት አለኝ። ይናገር አይናገር አላውቅም። ባይናገር እኔ እናገረዋለሁ። ይሄንንም ነገርኩት። እሺ አለ። ሄዶ ነጠላዬን አመጣልኝ።

ከየኔታ ቀድሜ ነው የምናገረው፤ ልኬባቸው ፈቅደዋል። ጅማሬውን እዚህ ልሞክረው። «ካንሰር» የሚለውን ቃል በዚህ ሰፈር ሰው ፊት ጮክ ብሎ የተናገረ የለም። ያ በሽታ ነው የሚሉት። እኔም እንደዚያው ስል ኖሬያለሁ። ካንቺ ውጭ አፌን ሞልቼ አልጠራሁትም፣ ደብተሬ። ዛሬ እጠራዋለሁ።

እንዲህ እላለሁ፦

አትጠገብ ነኝ። የለበሳችሁትን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ካንሰር አለብኝ። ሞርፊን እወስዳለሁ፣ ለእኔ በታዘዘው ልክ፣ በሰዓቱ፣ አልደብቀውም። የኔታን ሊነጥቀን የነበረው ለእሳቸው ያልታዘዘ መሆኑ ነው። እኔን ደግሞ ሊገድለኝ የነበረው መከልከሉ ነው። ከዛሬ በኋላ ስለ እኔ የሚባል ነገር ካለ እዚሁ፣ ፊቴ

የቤ/ክ ደወል ተደወለ። እንየው በር ላይ ቆሟል። ልሂድ።